ምላሷ ላይ የቀረው ቀለም

ሆሞሻ በወረደች ዕለት የውድነሽን ዓይን መጀመሪያ የሳበው ማህጁብ አልነበረም፤ እህቱ ናት።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ቢሮዎች ይከፈቱ እንጂ ወንበር ገና አልደረሳቸውም፤ ከየአገሩ የተመደበ ሠራተኛ አንዱ አንዱን «አንተስ ከየት ነህ?» እያለ ይተዋወቃል። ውድነሽ የሻው ግን ከሩቅ የመጣች አልነበረችም። ወላጆቿ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ ፓዌ ሲመጡ አሥር ዓመት አልፏት የእናቷን ነጠላ ይዛ የመጣች ናት። ነርስ ሆና አሶሳ ሆስፒታል ከተመደበች ገና ዓመት አልሞላትም። የዚያን ዕለት ከክትባት ቡድን ጋር ነበር ሆሞሻ የወረደችው።

አንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ልጆች ይሯሯጣሉ። ከመካከላቸው አንዲት ቀጭን ልጅ ጥቂት ትሮጥና ድንገት ቁጢጥ ትላለች። ጉልበቷን አቅፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ትጠብቃለች። ጓደኞቿ ለምደውታል፤ እሷ ቁጢጥ ስትል ጨዋታው ይቆማል፣ ስትነሳ ይቀጥላል። ማንም ምንም አይላትም።

ውድነሽ መርፌዋን አስቀምጣ ወደ ልጅቷ ሄደች። ከንፈሯ ሰማያዊ ነው። የጣቶቿ ጫፍ ክብ ክብ ብለው አብጠዋል።

«የማን ልጅ ናት?» አለች።

«የኛ» አለ አንድ ወጣት ከኋላዋ። «እህቴ ናት፣ ጣሂራ። ምን አጠፋች ሲስተር?»

አሶሳ አስተማሪ መሆኑን፣ ለዕረፍት እናቱ ዘንድ እንደመጣና ለክትባቱ ሲያስተረጉም እንደዋለ ነገራት። ስሙ ማህጁብ ነው። የበርታ ልጅ ሆኖ አማርኛው ከእሷ ይበልጥ ያማረ ነበር፤ እሷ የወሎውን ዘዬ አልተወችም።

«ሁልጊዜ እንዲህ ትቀመጣለች?»

«መራመድ ከጀመረች ጊዜ አንስቶ። እኛማ ሰነፍ ናት እንላታለን።»

«ኧረ እቴ! ሰነፍ አይደለችም» አለች ውድነሽ። «ልቧ ነው።»

ማህጁብ ፈገግ እንዳለ ቀረ። ፈገግታው ለመሄድ ጊዜ ፈጀበት።

የልብ ማዳመጫዋን አውጥታ የልጅቷን ደረት አዳመጠች። እዚያ ውስጥ የምትሰማውን ድምፅ በትምህርት ቤት የተማረችው ቢሆንም፣ እንዲህ ጮክ ብሎ ይህችን ከምታክል ልጅ ይወጣል ብላ አላሰበችም። ጣሂራ ደግሞ እኔም ልስማ ብላ መሣሪያውን ቀማቻት። ጆሮዋ ላይ ሰክታ ጫፉን የወንድሟ ደረት ላይ ለጠፈችና፣ ዓይኗን አንዴ ወደ እሱ አንዴ ወደ ነርሷ እያደረገች በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር ተናግራ ሳቀች። ማንጎው ሥር የነበሩት ሁሉ አብረው ሳቁ።

«ምን አለች?» አለች ውድነሽ።

«ምንም» አለ ማህጁብ። በዚያን ዕለት ከተባለው ሁሉ አልተረጉምም ያለው ይህችን ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማህጁብ ጣሂራን ይዞ አሶሳ ሆስፒታል ይመላለስ ጀመር። ቀጥሎ ጣሂራን ሳይዝም ይመጣ ጀመር። ሐኪሙ ቢጠይቀው ምን ብሎ እንደሚመልስ እንጃ፤ ደግነቱ ማንም አልጠየቀውም፤ ግቢው በሙሉ ያውቀው ነበርና። ከሥራ ስትወጣ በሩ ላይ ይጠብቃታል፣ በገበያው በኩል አድርጎ እስከ ቤቷ ይሸኛታል። አብዛኛውን መንገድ ዝም ብለው ነው የሚሄዱት። አንዳንድ ዝምታ ከወሬ ይልቅ ያቀራርባል፤ የእነሱም እንዲያ ነበር።

የሃይማኖቱ ነገር እንቅፋት ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። ፓዌ ሄዳ ልታገባው እንደምትፈልግ ለአባቷ ስትነግራቸው አቶ የሻው፣ «የእናቴ አባት ሼህ ነበሩ፤ እኔ ምን አፍ አለኝ?» አሏት። የቀሩት የእሱ እናት ነበሩ።

የማህጁብ እናት ዓኢሻ ጥቂት አማርኛ ያውቃሉ፣ ግን ወንድና ሴት አይለዩበትም፤ ለሳቸው ሁሉም ሰው «አንተ» ነው። ውድነሽ ስለ ጣሂራ ልትነግራቸው ሆሞሻ በሄደች ቀን፣ በአሶሳው ሐኪም በኩል የተላከው ጥሪ መጥቶ ነበር። አዲስ አበባ የውጭ አገር ሐኪሞች ሊመጡ ነው፤ እንደ ጣሂራ ያሉትን ልጆች ልብ ከፍተው ይጠግናሉ፣ ከዚያም ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ለጣሂራም ተራ ደርሷታል፤ ሐኪሞቹ በሚሄዱበት በመጨረሻው ቀን።

«ልብ ይከፈታል?» አሉ ዓኢሻ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«ይከፈታል፣ ይሰፋል፣ ትሮጣለች» አለች ውድነሽ።

«ካልተከፈተስ?»

ውድነሽ ልትዋሻቸው አልፈለገችም። «አታድግም እማ ዓኢሻ።»

ዓኢሻ ቀና ብለው ወደ ማንጎው አዩ። ከዚያ የውድነሽን እጅ ያዙ። «ወላሂ፣ አንተ ጎበዝ ልጅ ነህ። አንተ ጣሂራን ይዘህ ና፣ እኔ ማህጁብን እሰጥሃለሁ። ኸላስ፣ በቃ።» ብለው ራሳቸው ሳቁ። ማህጁብ ከደጅ ሆኖ ሰምቷል፤ ጆሮው ቀላ። ለውድነሽ ከዚያ የበለጠ ሽምግልና አልነበረም።

አራቱም አብረው ሄዱ፤ ሐኪሙ ውድነሽን አስታማሚ አድርጎ ላካት። አዲስ አበባ ላይ ጣሂራን ያላስደነቃት ነገር ቢኖር ቀዶ ሕክምናው ብቻ ነው። ሌሎቹ የታከሙት ልጆች ደረታቸው ላይ ፋሻ ታስሮ በኮሪደሩ ሲንሸራሸሩ እያየች፣ «የኔ ከሱ ይረዝማል አይደል?» እያለች ፋሻ ታማርጥ ነበር። በዚያ ሳምንት ከገቡት ልጆች አንዱ አልተመለሰም። ሌሎቹ ግን ከንፈራቸው ቀላ። አንዲት እናት የልጇን ጥፍር ለየሰዉ እያሳየች፣ «ሮዝ ሆነ፣ እዩት፣ ሮዝ ሆነ» ስትል ዓኢሻ አብረው አለቀሱ።

በዋዜማው ምሽት ነርሷ መጥታ፣ ከእራት በኋላ በልጅቷ አፍ ምንም እንዳይገባ ነገረቻቸው። ምግብ አይቻልም፣ ወተት አይቻልም፣ ውሃም አይቻልም። ማህጁብ ለእናቱ አንድም ሳያስቀር ተረጎመላቸው። ዓኢሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንት ረመዳን የጾሙ ሴት ናቸው፤ ጾም ምን እንደሆነ ለሳቸው አይነገርም።

ነገር ግን ከሆሞሻ ሲነሱ የሰፈራቸው ፈኪ አንድ ነገር ሰጥተዋቸው ነበር። ፈኪው ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ ለታመመ የሚጸልዩ አዛውንት ናቸው። የቁርኣን ቃል በጥላሸት ቀለም እንጨት ሰሌዳ ላይ ጽፈው፣ በውሃ አጥበው፣ ጥቁሩን እጣቢ በሽሮፕ ጠርሙስ ሞልተው ሰጧቸው። ሚሃያ ይሉታል። «ቢላዋው በሚነካት ዕለት፣ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ትጠጣው» አሏቸው። ዓኢሻም እንደታዘዙት አደረጉ። ሚሃያ ለሳቸው ምግብ አይደለም፣ ውሃም አይደለም። የአላህ ቃል ነው። እንዲህ ያለ ቀን ልጅን ያለ እሱ መስደድ ደግሞ ለየትኛዋም የሆሞሻ እናት የማይታሰብ ነገር ነው።

ጠዋት ውድነሽ ጣሂራን አረንጓዴውን ጋውን ልታለብሳት መጣች። «በይ፣ ምላስ!» አለቻት። በሁለቱ መካከል የቆየ ጨዋታ ነው፤ ጣሂራ ምላሷን ታወጣለች፣ ውድነሽ ሰማያዊነቱን አይታ ፊቷን ታኮሳትራለች፣ ይስቃሉ።

ጣሂራ ምላሷን አወጣች። በሰማያዊው መሃል ጥቁር ቀለም ተጋድሟል። በጥርሶቿ መካከልም አለ።

ውድነሽ አልሳቀችም።

ዓኢሻ ከአልጋው ማዶ ቆመው ጠርሙሱን በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩ ነበር። ውድነሽ ቀና ብላ አየቻቸው፣ ወዲያው ዓይኗን መለሰች። ማህጁብን እጁን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«ጠጥታለች» አለችው። «ሚሃያ።»

ማህጁብ ግድግዳውን ተደገፈ። «ጉንጭ እንኳ አይሞላም ውዴ። ጉንጭ የማይሞላ ነገር ነው።»

«ትንሽ ይሁን ብዙ አላውቅም። በማደንዘዣ ተኝታ ሆዷ ያለው ወደ ሳንባዋ ቢመለስ ያቺ ልጅ አትነሳም።»

«ዛሬ ካለፋት ሰዎቹ ይሄዳሉ! ማታ ነው የሚሳፈሩት!»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ተይው። እባክሽ። ማንም አላየም፣ አንቺ ብቻ ነሽ ያየሽው። በእናትሽ።»

«እዚያ ጠረጴዛ ላይ ብትቀርብንስ?» አለች። ድምጿ ተሰበረ። «እንዳየሁ እያወቅሁ፣ ዝም ብዬ ሸኝቻት ብትቀርስ ማህጁብ?»

ይህን የምተርከው እኔ ማንኛቸው ልክ እንደሆኑ ብጠየቅ ሁለቱንም ነው የምለው፤ ሁለት ልክ ነገር አንድ ኮሪደር ላይ ሲጋጠም ግን አንዱ ይወድቃል። ውድነሽ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ለማደንዘዣ ሐኪሙ ልትነግረው ሄደች።

ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነበር፤ አልተቆጣም። «ትንሽ እንጠብቅና ከሰዓት እንሞክራለን» አለና ከጣሂራ ኋላ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሌላ ልጅ አስገባ። የዚያ ልጅ ልብ ግን ከታሰበው በላይ አስቸገራቸው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጣሂራ ተራዬ ደረሰ ብላ ትነሳለች፣ ጋውኗን ታስተካክላለች፣ ትቀመጣለች። ቀኑ እንዲያ ሲል ጨለመ። ሐኪሞቹ ደክሟቸው፣ ዓይናቸው ቀልቶ ወጡ፤ በሚቀጥለው ጉዞ መጀመሪያ የምትገባው ጣሂራ እንደሆነች ቃል ገብተው ሄዱ።

ዓኢሻ ልጃቸውን ጠየቁት፤ ለምን ቀረች? ማህጁብ አፉን ከፈተ። ውድነሽ በመካከላቸው ቆማ ፊቱን አየችው። ምን እንደሚመጣ ገባት፤ እኚህ ሴት በገዛ እጃቸው የልጃቸውን ተራ እንዳሳለፉ ሊሰሙ ነው።

«እኔ ነኝ በላቸው» አለችው ጆሮው ሥር በሹክሹክታ። «ሙቀት ያላት መስሎኝ ያስቀረኋት እኔ ነኝ በላቸው።»

«ውዴ...»

«በላቸው።»

ተረጎመላቸው። በሕይወቱ ከተረጎመው ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። ዓኢሻ ውድነሽን አዩዋት፤ ከዚያ መሬቱን አዩ። «ማዕሌሽ» አሉ። ምንም አይደለም ማለታቸው ነው።

ጣሂራ ሁለተኛውን ተራ አልጠበቀችም። ክረምቱ ሲበረታ፣ መንገዱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ማንጎው ሥር ቁጢጥ አለች። ልጆቹ እንደልማዳቸው ጨዋታውን አቁመው ጠበቋት። አልተነሳችም።

ውድነሽ ለለቅሶ ሆሞሻ ስትደርስ ሴቶቹ መንገድ ለቀቁላት፤ የለቀቁት ግን ለክብሯ አልነበረም። ነርሷ ናት ያስቀረቻት የሚለው ወሬ ከእሷ ቀድሞ ደርሷል። ዓኢሻ እግር ሥር ልትንበረከክ ስትጠጋ፣ ዓኢሻ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ስበው ወደ ግድግዳው ዞሩ። እስከምትወጣ ድረስ አልገለጡትም። ውድነሽ አሶሳ እስክትደርስ የመኪናውን መስኮት ተደግፋ ስታለቅስ ሄደች።

ትምህርት በተከፈተ ሰሞን ማህጁብ መጣ። ከስቷል። ሆስፒታሉ አጥር ጥግ ቆሙ።

«ለእናቴ ዛሬ እነግራታለሁ» አለ። «በቃኝ። በአንቺ ላይ የሚባለውን መስማት አልችልም።»

«ምን ብለህ?»

«ያስቀረቻት ውድነሽ አይደለችም፤ ያስቀራት...»

«ጨርሰዋ።»

አልጨረሰውም። የዚያ ነገር መጨረሻ እናቱ ነበሩ።

«አየህ፣ አንተም አልቻልክም» አለች። «እሳቸው የአላህ ቃል ብለው ነው ያጠጧት። በሃይማኖታቸው፣ በፍቅራቸው። ይህን ሰምተው አንድ ቀን አያድሩም። ካልነገርናቸው ደግሞ በየቀኑ የልጃቸውን ገዳይ ምራቴ ብለው ሊኖሩ ነው። ፊታቸውን አዙረውብኛል ማህጁብ። እንዴት አድርጌ ቤታቸው እገባለሁ?»

«ሌላ መንገድ አይኖርም?»

«አንተን ስጠብቅ ስፈልግ ነው የከረምኩት። አጣሁት።»

እጇን ያዘ። ሰው እንዳያያቸው የሚጠነቀቁት ድሮ ነበር፤ አሁን ማን ግድ አለው! «ማንጎው ሥር ጣሂራ ምን እንዳለች ታውቂያለሽ?» አላት። «ያልተረጎምኩልሽን።»

«ምን አለች?»

«‹የሱ ልብ ከኔ ይብሳል፣ እሱን አክሚው› ነው ያለችው።»

ውድነሽ ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። ከዚያ እጇን ቀስ አድርጋ አወጣች፣ እሱም ለቀቃት። በዓመቱ ኩርሙክ ተዛወረ። እዚያው እንዳገባ ሰማች።

እሷ አሶሳ ቀረች። ለትዳር ሊጠይቋት የመጡ ነበሩ፤ የሁለቱን አሰበችበት፣ ሁለቱንም መለሰች። የልብ ችግር ያለባቸውን ሕፃናት ከየወረዳው እየፈለገች ወደ አዲስ አበባ የምትልከው እሷ ሆነች። ብዙዎቹ ጠባሳቸውን ይዘው እየሮጡ ተመለሱ። ያልተመለሱም አሉ። ለእያንዳንዱ ወላጅ በዋዜማው የሚባለውን ራሷ ትነግራለች፤ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ፣ «ሚሃያም ቢሆን፣ ጠበልም ቢሆን» ትላለች። ለምን ይህን እንደምትጨምር ማንም ጠይቋት አያውቅም።

ዘመን አለፈ። አሁን የልጆቹን ልብ የሚከፍቱት አብዛኞቹ የአገር ልጆች ናቸው፤ ሰው እንግዳ አውሮፕላን አይጠብቅም። አንድ ጠዋት የክፍሏ በር ተንኳኳና አንዲት አሮጊት የአንዲት ትንሽ ልጅ እጅ ይዘው ገቡ። ውድነሽ ከወንበሯ ተነሳች። ዓኢሻ ነበሩ።

«የማህጁብ ልጅ ነው» አሉ። «ሰልማ። ልቡ ላይ ቀዳዳ አለ ይላሉ። ነገ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። አባቱ ማታ ከኩርሙክ ይመጣል።»

ልጅቷ የአባቷ ዓይን ነበራት። ውድነሽ አስቀመጠቻቸው። መድኃኒቱን ነገረቻቸው፣ መንገዱን ነገረቻቸው። ከዚያ የዋዜማው ቃል ላይ ደረሰች። ምግብ አይቻልም። ወተት አይቻልም። ውሃ አይቻልም።

ቀጥሎ ያለው አልወጣ አላት። ለስንት እናት ሳትሰለች ያለችውን ቃል ለእኚህ ሴት ካለች፣ ያን ሁሉ ዓመት በፍቅሯ የሸፈነችውን በአንድ ጊዜ ትገልጠዋለች። ካላለች ደግሞ ይህች ልጅ...

«እማ ዓኢሻ» አለች። «አንድ ነገር ደግሞ...»

ዓኢሻ የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። ጥቁር ውሃ ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጡ።

«ይህን አንተ ጋ አስቀምጥ» አሉ። «ድኖ ሲመጣ ይጠጣል። አሁን አይጠጣም።»

ሰልማ የልብ ማዳመጫውን በጣቷ ትነካካለች።

«ያውቁ ነበር?» አለች ውድነሽ።

«ያን ቀን አወቅሁ። አንተ ምላሱን አየህ፣ ከዚያ እኔን አየህ። እናት ነኝ እኮ፤ ፊት አነባለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«አንተ ለኔ ብለህ ዋሸህ። ማህጁብ ለኔ ብሎ ዋሸ። እኔ አውቃለሁ ካልኩ ልጄ ይሰበራል። ዝም አልኩ።» ጠርሙሱን በጣታቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት። «ለቅሶ ስትመጣ ዓይንህን ማየት አፈርኩ። እኔ ገድዬ አንተ ተሰደብክ። ፊቴን ሸፈንኩ። ሌላ ቀን ይመጣል፣ ያን ጊዜ እግሩን እስማለሁ፣ ልጄ ነህ እለዋለሁ አልኩ። ጠበቅሁ። ወላሂ ጠበቅሁ። አልመጣህም።»

ውድነሽ ያ የተሸፈነ ፊት ጥላቻ መስሏት ዕድሜዋን የኖረች ሴት ናት። ጠረጴዛውን ዞራ መጥታ ጭናቸው ላይ ተደፋች። ዓኢሻ ፀጉሯን ደባበሱ፣ በበርታ ቋንቋ ለልጅ የሚባለውን እያሉ። ለዚህ ትርጉም አላስፈለጋትም።

«ለማህጁብ አትንገር» አሉ በመጨረሻ። «ሚስቱ ደግ ሰው ነው። ልጆች አሉ። አሁን ቢሰማ ምን ያደርጋል? ይቃጠላል ብቻ።»

የሰልማ ልብ ተጠገነ። ሳትዘገይ ተመለሰች። ማህጁብ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ልጁን ለክትትል ሆስፒታል ይዟት ገባ። ጢሙ ላይ ሽበት አለ። ሰልማ ዓይኗ ጠርሙሱ ላይ ሲያርፍ፣ ውድነሽ ከፍታ ሰጠቻት። ግጥም አድርጋ ጠጥታ በጥቁር ጥርሷ ሳቀች፣ ከዚያ ወደ ግቢው ሮጣ ወጣች። መሃል ላይ አልቆመችም።

ሁለቱ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት።

«ደህና ነሽ?» አለ ማህጁብ።

«ደህና ነኝ። አንተስ?»

«ደህና።» ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። እንደ ድሮው መንገድ ዝምታ ነበር፤ የሚሸኛት ቤት ብቻ አልነበረም። «አንዳንዴ ሳስበው» አለ፣ «ያን ሁሉ ያጣነው በከንቱ አይደለም እላለሁ። እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም። ቢያንስ እሷን አትርፈናታል።»

ውድነሽ ባዶውን ጠርሙስ በእጇ ጨብጣ ነበር። ቀና ብላ አየችው፤ እነዚያን ዓይኖች።

«አዎ» አለችው። «እሳቸውንስ አትርፈናል።»